ከክፍት መስኮት እስከ ትንሽ ሣጥን፦ ድምፅ የመምጠጥን ዐቅም የመለካት ታሪክ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን በቃል ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ንግግሬን ከዚሁ ከሐዋሳ፣ ከመናኸሪያ ልጀምር። በማለዳ ወደ መናኸሪያ ጎራ የሚልን ሰው አስቀድሞ የሚቀበለው ድምፅ ነው። «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!»፣ «ዲላ! ዲላ!» የሚለው የረዳቶች ጥሪ፣ የሞተሩ ጩኸት፣ የባጃጁ ጡሩምባ አንድ ላይ ይመጣሉ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ረዳቱ ጉሮሮው እስኪደርቅ ቢጮኽም ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ያልፋል። ሁለተኛውን «ሻሸመኔ» ሲጠራ የመጀመሪያው ቆሞ አይጠብቀውም። ይህንኑ ሰው ባዶ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አስገብታችሁ ያንኑ ቃል እንዲጠራ ብታደርጉት ግን የፊተኛው ሳይሞት የኋለኛው ይደርስበታል፤ ሦስተኛው በሁለቱ ላይ ይደረባል፤ በመጨረሻም የሚጠራውን ከተማ መለየት ያዳግታል። ልዩነቱ የመጣው ከሰውየው ጉሮሮ አይደለም፤ ከዙሪያው ነው። የመናኸሪያው ጣሪያ ሰማይ ነው፤ ሰማይ ደግሞ የተቀበለውን ድምፅ አይመልስም።

«ሰማይ የተቀበለውን አይመልስም» ማለት የቅኔ አነጋገር ይመስል ይሆናል። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ግን ይህ ሐሳብ እንዴት የመለኪያ አሐድ እንደ ሆነ፣ ከዚያም መለኪያው ከትልልቅ አዳራሾች ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ እስከሚቀመጥ ቱቦና ጥግ ላይ እስከሚቆም ትንሽ ሣጥን ድረስ እንዴት እንደ ወረደ ነው። በመጨረሻም ይህ ታሪክ ለእኛ፣ በቆርቆሮና በሲሚንቶ ክፍሎች ውስጥ ለምናስተምርና ለምንማር ሰዎች፣ ምን እንደሚያገባን እጠይቃለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ የተበላሸ አዳራሽ ነው። በ1895 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፎግ የተባለውን የሥነ ጥበብ ሙዚየም አዲስ አሠርቶ ነበር። በውስጡ ያለው የማስተማሪያ አዳራሽ ለዓይን ያማረ ቢሆንም ለጆሮ አልሆነም፤ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ ከአምስት ሰከንድ በላይ በአየር ላይ ይንሳፈፍ ነበር። በአምስት ሰከንድ ውስጥ አንድ መምህር ከአሥር ቃላት በላይ ይናገራል፤ ስለዚህ ተማሪው በአንድ ጊዜ የሚሰማው አሥሩንም ቃል ነበር ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርለስ ኤሊየት ይህን ችግር እንዲፈታ ያዘዙት ዋላስ ክሌመንት ሳቢን የተባለውን፣ የሃያ ሰባት ዓመት የፊዚክስ ረዳት ፕሮፌሰር ነበር።

ሳቢን በእጁ የነበረው መሣሪያ ዛሬ ስናየው ያስገርማል። በሴኮንድ 512 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የምትሰጥ አንዲት የኦርጋን ቱቦ፣ ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ የራሱም ጆሮ፤ ይኸው ነው። ማይክሮፎንም፣ ድምፅ ማጉያም አልነበረውም። የጎዳና ትራም ጩኸት እንዳያስቸግረው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሠራ ነበር። በአቅራቢያው ያለው የሳንደርስ ቴአትር ድምፁ የተመሰገነ ስለ ነበር፣ የዚያን ቴአትር የመቀመጫ ትራሶች ከረዳቶቹ ጋር እየተሸከመ ያመጣል፤ ጥቂት ትራስ ዘርግቶ ይለካል፤ ጨምሮ ይለካል፤ ሊነጋ ሲል ደግሞ ትራሶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ትራሱ በበዛ ቁጥር ድምፁ ቶሎ ይሞት ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለ የደረሰበትን አንድ ነገር ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ። ውጤቶቹ ከቀን ወደ ቀን ባልተጠበቀ መንገድ ይለዋወጡበት ጀመር። ምክንያቱን ሲመረምር ጥፋተኛው የራሱ ልብስ ሆኖ ተገኘ፤ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ለኪ ቀለል ያለ ልብስ ከለበሰው ይልቅ ድምፅ ይመጥጣል። ሳቢን በሺዎች የሚቆጠሩ ንባቦቹን ጥሎ ሥራውን እንደገና ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ለልኬት ሲገባ አንድ ዓይነት ልብስ ብቻ ይለብስ ነበር። የሳይንስ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ግኝቱን ነው። እኔ ግን ከግኝቱ ባላነሰ ያንን የወረቀት ክምር መጣሉን አከብራለሁ።

በ1898 በጋውን ተከትሎ በመጣው መፀው ሳቢን በትራሱ ብዛትና በማስተጋባቱ ጊዜ መካከል ያለውን ዝምድና አገኘው። ዛሬ በሜትር አቆጣጠር እንዲህ እንለዋለን፦ የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ወስደህ በ0.161 አባዛው፤ ውጤቱን በክፍሉ ውስጥ ላለው ጠቅላላ የመምጠጥ ዐቅም አካፍለው፤ የማስተጋባቱን ጊዜ በሰከንድ ታገኛለህ። የማስተጋባት ጊዜ የምንለው የድምፁ ኃይል ወደ አንድ ሚሊዮንኛው እስኪወርድ የሚወስደው ጊዜ ነው። በዚህ ቀመር ላይ ተመሥርቶ የታቀደው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በ1900 ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም ድረስ በዓለም ከሚመሰገኑት የሙዚቃ አዳራሾች አንዱ ነው።

ይሁንና ትራስ የመለኪያ አሐድ ሊሆን አይችልም። የሳንደርስ ትራስ በለንደን የለም፤ በሐዋሳም የለም። ሳቢን የትም አገር የሚገኝ፣ የማያረጅ፣ ማንም ሊስማማበት የሚችል ፍጹም መጣጭ ፈለገ፤ ያገኘውም ክፍት መስኮት ነበር። በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና አንድ ሜትር ካሬ ክፍት መስኮት የመምጠጥ ዐቅሙ 1 ነው ተባለ። ከወደቀበት ድምፅ ግማሹን የሚመጥጥ ጨርቅ 0.5 ይሆናል፤ ለስላሳ ሲሚንቶ ደግሞ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። እንግዲህ የመናኸሪያችን ሰማይ በሳቢን ሰንጠረዥ ላይ ከፍተኛውን ቦታ የያዘ፣ ወሰን የሌለው ክፍት መስኮት ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ በሁለት መንገድ ይከፈላል። አንደኛው ወደ ትልቅ ክፍል፣ ሁለተኛው ወደ ጠባብ ቱቦ ይሄዳል።

የትልቁ ክፍል መንገድ የሳቢን የራሱ መንገድ ነበር። ጆርጅ ፌቢየን የተባለ ባለ ጸጋ በኢሊኖይ ግዛት፣ ጄኒቫ በምትባል ከተማ ለሳቢን ልዩ ቤተ ሙከራ አሠራለት፤ ሕንጻው በ1918 ተጠናቀቀ። ሳቢን ግን በጥር 1919፣ በሃምሳ ዓመቱ ዐረፈ፤ ሥራውን የቀጠለው የሥጋ ዘመዱ ፖል ሳቢን ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ ክፍል አሠራር ከመማሪያ ክፍል ተቃራኒ ነው። ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው በተቻለ መጠን ጠንካራና ለስላሳ ሆኖ ድምፁ ለብዙ ሰከንድ እንዲዞር ይደረጋል። ባዶው ክፍል ይለካል፤ ናሙናው ወለል ላይ ተዘርግቶ እንደገና ይለካል፤ የጊዜው ልዩነት የናሙናውን ዐቅም ይናገራል።

የቱቦው መንገድ ከዚያም የቀደመ ሥር አለው። ጀርመናዊው አውጉስት ኩንት በ1866 በመስታወት ቱቦ ውስጥ ደቃቅ ዱቄት ነስንሶ ድምፅ ሲልክበት፣ ዱቄቱ ሞገዱ ጸጥ በሚልበት ቦታ እየተከመረ የሞገዱን ርዝመት በዓይን አሳየ። በ1913 ደግሞ ኤች. ኦ. ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ ይህን ሐሳብ ለመምጠጥ ልኬት አዋለው። በቱቦው አንድ ጫፍ ናሙና ያስቀምጣል፤ ከሌላው ጫፍ ድምፅ ይልካል። ሄዶ የሚመለሰው ሞገድ ከሚሄደው ጋር ተገናኝቶ ቱቦው ውስጥ ከፍታና ዝቅታ ይፈጥራል። ናሙናው ብዙ ከመለሰ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ብዙ ከመጠጠ ይጠብባል። ከ1980 ወዲህ ደግሞ ቹንግና ብሌዘር የተባሉ ተመራማሪዎች ባቀረቡት ዘዴ፣ ማይክሮፎኑን በቱቦው ርዝመት ማንፏቀቅ ሳያስፈልግ በሁለት ቋሚ ማይክሮፎኖችና በስሌት ብቻ ብዙ ድግግሞሾችን በአንድ ጊዜ መለካት ተቻለ፤ ዘዴውም በ1998 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ወጣ።

ቱቦው ርካሽ ነው፤ የሚፈልገው ናሙናም የእጅ መዳፍ የምታህል ክብ ናት። ነገር ግን ሁለት ጉድለቶች አሉበት። ድምፁ ናሙናውን የሚመታው ፊት ለፊት ብቻ ነው፤ በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ግን ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ደግሞም ቱቦው በሰፋ መጠን ሊለካ የሚችለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ይወርዳል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቱቦ ከ2,000 ኸርዝ በላይ አይታመንም። ለቀጭኑ ድምፅ ቀጭን ቱቦ ያስፈልጋል።

ትልቁስ ክፍል? እርሱም የራሱን ችግር አመጣ። በ1931 ቨርን ክኑድሰን የክፍሉ አየር ራሱ፣ እንደ እርጥበቱ መጠን፣ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ድምፅ እንደሚመጥጥ አሳየ፤ ስለዚህ ዝናባማና ደረቅ ቀን የተለካ አንድ ናሙና ሁለት ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። በ1960 ኮስተን የተባለው የኔዘርላንድስ ምሁር ባሳተመው ጥናት፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት ናሙና ለክተው ያመጡት ውጤት እርስ በርሱ እጅግ ይራራቅ ነበር። ይህን መራራቅ ለመግታት የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1963 የመጀመሪያውን የውሳኔ ሐሳብ አወጣ። በ2003 የታተመው ደረጃ እንደሚያዝዘው ክፍሉ ቢያንስ 150 ሜትር ኩብ፣ መሆን አለበት፤ አዲስ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 200 ሜትር ኩብ እንዲሆን በጥብቅ ይመከራል፤ ናሙናውም ከ10 እስከ 12 ሜትር ካሬ ይሆናል።

እዚህ ላይ የአንድ ድሀ ቤተ ሙከራ ጥያቄ ይነሣል፦ 200 ሜትር ኩብ የሚያህል፣ ከውጭ ድምፅ የተጠበቀ፣ ለሌላ አገልግሎት የማይውል ክፍል ከየት ይመጣል? አንድ ተመራማሪ በእጁ ጠፍጥፎ ከሠራው አዲስ ምንጣፍስ 12 ሜትር ካሬ ከየት ይመጣል? ጥያቄው የድሆች ብቻ አልነበረም። የመኪና ፋብሪካዎችም ጠይቀውታል፤ የመኪና ወለል ምንጣፍ ወይም የጣሪያ ሽፋን 12 ሜትር ካሬ አይሞላምና። ሪተር የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ለዚህ ያዘጋጀው «አልፋ ካቢን» የሚባለው ሣጥን ይዘቱ 6.44 ሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ የሚፈልገውም ናሙና 1.2 ሜትር ካሬ ነው። ከትልቁ ክፍል ጋር ሲነጻጸር ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ወደ ሲሶ ያህል የተቀነሰ ማለት ነው።

የትንሿ ክፍል ዕዳ ምንድን ነው? ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የሞገድ ጉዳይ ነው። የሳቢን ቀመር የቆመው ድምፁ በክፍሉ ውስጥ በእኩል ተበትኗል በሚል ግምት ላይ ነው። ድምፁ የሚበተነው ግን የክፍሉ የተፈጥሮ ርግብግቢቶች በዝተው ሲደራረቡ ነው። ማንፍሬድ ሽሮደር ይህ የሚጀምርበትን ወሰን በቀላል ስሌት ሰጠን፦ የማስተጋባቱን ጊዜ ለይዘቱ አካፍል፤ የውጤቱን ዳግም ዘር ውሰድ፤ በ2,000 አባዛው። 200 ሜትር ኩብ ለሆነና 5 ሰከንድ ለሚያስተጋባ ክፍል ወሰኑ 316 ኸርዝ ገደማ ነው። 8 ሜትር ኩብ ለሆነና 2 ሰከንድ ለሚያስተጋባ ሣጥን ግን 1,000 ኸርዝ ይደርሳል። ከዚያ በታች ሣጥኑ የሚነግረን ስለ ናሙናው ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሱም ይናገራል። የወንድ መምህር ድምፅ መሠረት ደግሞ የሚገኘው ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሎ ነው።

ሁለተኛው የጠርዝ ጉዳይ ነው። ድምፅ በናሙናው ጠርዝ ላይ ይታጠፋል፤ ናሙናውም ከስፋቱ በላይ ይስባል። ተማሪ ሳለሁ አንድ ናሙና ለክቼ 1.1 የሚል ቁጥር አገኘሁ። ከክፍት መስኮት በላይ የሚመጥጥ ጨርቅ! መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ቀን ፈታትቼዋለሁ። መሣሪያው ደኅና ነበር፤ ያልተማርኩት እኔ ነበርኩ። 3 በ4 ሜትር የሆነ ናሙና ለእያንዳንዱ ሜትር ካሬ 1.17 ሜትር ያህል ጠርዝ አለው። 1 በ1 የሆነው ግን 4 ሜትር አለው። ትንሽ ናሙና ማለት በአብዛኛው ጠርዝ ማለት ነው።

ሦስተኛው የስሕተት ጉዳይ ነው። 8 ሜትር ኩብ የሆነው ሣጥናችን ባዶውን 2 ሰከንድ ያስተጋባ እንበል። አንድ ሜትር ካሬ ናሙና አስገብተን 1.04 ሰከንድ ብናነብ የናሙናው ዐቅም 0.59 ይሆናል። 0.95 ሰከንድ ብናነብ ግን 0.71 ይሆናል። ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ በማይሞላ ልዩነት መካከለኛ የነበረው ዕቃ ምርጥ ዕቃ ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ትንሿን ክፍል ለማጣጣል አይደለም። የእኛ ዕድል በትንሿ ክፍል ላይ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ወደ ቤታችን እንመለስ።

የሲዳማ አባቶችና እናቶች የሠሩት ቤት ግድግዳው የቀርከሃ ሽመና፣ ክዳኑ ሣር ወይም ቅጠል ነበር። ለጆሮ ለስላሳ ቤት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብም ጨዋታ አይቋረጥም። እኛ በቆርቆሮ፣ በብሎኬትና በሲሚንቶ ተካነው፤ ጥንካሬ አገኘን፤ ጸጥታ አጣን። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 7፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ መማሪያ ክፍል እናስብ። ይዘቱ 168 ሜትር ኩብ፣ ጠቅላላ ገጹ 202 ሜትር ካሬ ነው። ገጹ በአማካይ 0.05 ብቻ የሚመጥጥ ከሆነ ባዶው ክፍል 2.7 ሰከንድ ገደማ ያስተጋባል። በ2002 የወጣው የአሜሪካ መመዘኛ እንዲህ ላለ ክፍል የሚፈቅደው 0.6 ሰከንድ ነው።

«ተማሪዎች ሲገቡ ይሻሻላል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ሳቢን ለአንድ ታዳሚ የሰጠው ቁጥር 0.44 ነበር፤ በዚህ ቁጥር ሃምሳ ተማሪዎች ክፍሉን ወደ 0.84 ሰከንድ ያወርዱታል። ነገር ግን ያ ቁጥር የተለካው በማን ላይ ነው? በቦስተን አየር ንብረት ልብስ የለበሱ ጎልማሶች ላይ። በሐዋሳ ሙቀት በስስ የደንብ ልብስ የተቀመጠ የአሥር ዓመት ልጅ 0.3 ብቻ ቢሆን፣ ያው ክፍል 1.08 ሰከንድ ያስተጋባል። ሳቢን የገዛ ካፖርቱ ቢያሳስተው በሺዎች የሚቆጠሩ ንባቦችን ጥሏል። እኛ ግን የእርሱን ዘመን ካፖርት በልጆቻችን ላይ አልብሰን እያሰላን ነው።

የአየሩም ነገር አለ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሯ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አምስት አንድ ያህል ያነሰ ነው። አየሩ ሲሳሳ ለድምፅ ሞገድ ያለው የራሱ ግትርነት አብሮ ይቀንሳል፤ በቃጫ ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው ሰበቃ ግን እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ አንድ ስፖንጅ መሰል ዕቃ በባሕር ዳርቻ ቤተ ሙከራና በሐዋሳ አንድ ዓይነት ባሕርይ አይኖረውም። ልዩነቱ የት ትልቅ፣ የት ትንሽ እንደሆነ የሚነግረን ልኬት ብቻ ነው።

የሚለካውስ ምን እናጣለን? እንሰት በሚፋቅበት ጓሮ ሁሉ ቃጫ አለ። ልብስ በሚሰፋበት የኢንዱስትሪ ፓርካችን ብጣሽ ጨርቅ አለ። ቀርከሃ አለ፤ ሣር አለ። እነዚህ በሳቢን ሰንጠረዥ ላይ አይገኙም፤ ሳቢን እንሰት አላየምና። ሁለት ማይክሮፎን የተገጠመለት ቱቦና ከወፍራም እንጨት የተሠራ አነስተኛ ሣጥን ለዚህ ሥራ መጀመሪያ ይበቃሉ። ቱቦው ለፊት ለፊቱ ድምፅ ይመስክር፤ ሣጥኑ ከየአቅጣጫው ለሚመጣው ይመስክር፤ ሁለቱ ሲጣሉ ማን እንደ ተሳሳተ እንመርምር። የመጨረሻው ዳኛ ግን አንድ እውነተኛ መማሪያ ክፍል ይሁን፦ ምንጣፉ ሳይሰቀል፣ ከዚያም ከተሰቀለ በኋላ ይለካ።

በዚህ መንገድ ለሚጀምሩ ተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። ቁጥሩን ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። የሣጥኑን ይዘት፣ የናሙናውን ስፋትና ውፍረት፣ የጠርዙን ሁኔታ፣ የዕለቱን ሙቀትና እርጥበት፣ የአየሩን ግፊት፣ ሣጥናችሁ የማይታመንበትንም ድግግሞሽ አብራችሁ ጻፉ። 1.1 ብታገኙ 1.0 ብላችሁ አትቍረጡት፤ ያገኛችሁትን ጽፋችሁ ምክንያቱን ፈልጉ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ለኪ ስሕተታችሁን ሊያርም የሚችለው ሳትደብቁ ካቆያችሁለት ብቻ ነው።

በመናኸሪያው የሚጮኸው ረዳት ሰማይ ያግዘዋል፤ የፊተኛውን ቃል ከኋለኛው ላይ ያነሣለታል። በኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠች ተማሪ ግን ሰማይ የላትም፤ ያላት እኛ ለክተን የምንሰቅልላት ምንጣፍ ብቻ ነው። ስለዚህ መለካቱን በጥንቃቄ እናድርገው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ የተቀመጣችሁ ንግግሬ በደንብ ተሰምቷችሁ እንደ ነበረ በመንገር ብትጀምሩልኝ ደስ ይለኛል።